ከተጠርጣሪዎች መካከል የቆመች ጠበቃ

ጠበቃ ዝናሽ ሸሕዲ ከተማ ላይ፣ ከትራክተር መለዋወጫ ሱቅ ጎን፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ምናለ የሚባል ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ መናኸሪያው ውስጥ ተያዘ። «ለታጣቂዎች መልእክት ያመላልሳል» ተባለ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው የማጭድ ሞረድና የእናቱ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነበር። ሁለት ወር ያለ ክስ በጊዜ ቀጠሮ ሲመላለስ ሊቆምለት የደፈረ ጠበቃ አልነበረም። ዝናሽ መዝገቡን ያዘችለት።

በሳምንቱ ደረበ የሚባል የጸጥታ ኃላፊ ቢሮዋ መጥቶ፣ ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠ።

«ይህን መዝገብ ቢተዉት ይሻላል» አላት።

«ለምን?»

«ለራስዎ ብዬ ነው። የጥብቅና ፈቃድዎን የሚያድሱበት ጊዜ እየቀረበ አይደል?»

«ያሉኝን በጽሑፍ ይስጡኝና ከመዝገቡ ጋር ላያይዘው።»

ደረበ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ አንቱታው ቀረ። «እንግዲህ ነግሬሻለሁ።»

በማግስቱ አከራይዋ ወይዘሮ ረፊቃ መጡ። «ከቤት አስወጫት ተብያለሁ» አሏት። ዝናሽ ቁልፉን ከቦርሳዋ ስታወጣ እጇን ያዟት። «መልሽው። ሟቹ ባሌ ይህን ቤት የሠራው እነሱን አስፈቅዶ አይደለም።»

የምናለ ቀጠሮ ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ጧት ሁለት ፖሊሶች «ሕዝብ በማነሣሣት ተጠርጥረሻል» ብለው ዝናሽን ከቢሮዋ ደጅ ወሰዷት። ሐሙስ ለት እሷም እዚያው ችሎት፣ እዚያው ዳኛ ፊት ቀረበች። ደረበ ከኋላ ተቀምጦ ያያታል።

ዳኛው ለፖሊስ እሷን የሚመረምርበት ሰባት ቀን ፈቀዱ። ፖሊሱ ክንዷን ቢይዛትም ዝናሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ የሚታየው የደንበኛዬ የምናለ መዝገብ ነው። ልከራከርለት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ ዛሬ ተጠርጣሪ ነዎት።»

«ነኝ። ፈቃዴ ግን አልተነጠቀም፤ ውክልናዬም አልተሻረም። እሱን ይጠይቁት።»

ምናለ ከታሳሪዎቹ መካከል ብድግ አለ። «ጠበቃየ እሷ ናት። ሌላ አልሻም።»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ይቀጥሉ» አሉ።

ዝናሽ በመጀመሪያ ደረበ ቢሮዋ መጥቶ ያላትን፣ ስሙን ጠርታ፣ ቃል በቃል ተናገረችና እንዲመዘገብላት ጠየቀች። የችሎቱ ጸሐፊ እስክሪብቶዋን ይዛ ዳኛውን አየች።

«ጻፊው» አሉ ዳኛው።

ደረበ ተነሥቶ ወጣ። ዝናሽ የምናለን ጉዳይ ወደያዘው መርማሪ ፖሊስ ዞረች።

«ስድሳ ቀን አልፎ ምን ማስረጃ አገኛችሁ?»

«ምርመራው አልተጠናቀቀም።»

«ያልተጠናቀቀው የሞረዱ ምርመራ ነው?»

ከአዳራሹ ሳቅ ተሰማ። ዳኛው ዝም አሰኙና ምናለ ዛሬውኑ እንዲፈታ አዘዙ።

ምናለ ወደ አገሩ የሚሳፈርበትን አውቶቡስ ትቶ በማግስቱ ዳቦና ውኃ ይዞ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ዝናሽ እስክትፈታም በየቀኑ ተመላለሰ። እሷ የገባችበት ክፍል ውስጥ ጠበቃ የሌላቸው ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ፣ መጂዳ የምትባል የመተማ ነጋዴ፣ ተጠጋቻት።

«ጠበቃ ነሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። መቼ ያዙሽ?»

በሰባተኛው ቀን ዝናሽ በዋስ ወጣች። ፈቃዷ ሊያበቃ አራት ወር ይቀረው ነበር፤ ያድሱላት አያድሱላት አታውቅም። በማግስቱ የሦስቱን ሴቶች ውክልና ይዛ ችሎት ገባች።