የእጃጂው ቢጫ ቲሸርት

ቲሸርቱን ያሠራው ሌታ ራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። የአምቦ ልጅ ሦስት ሆኖ ለኮንሰርት ከወጣ አንድ ዓይነት ካልለበሰ የወጣ አይመስለውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየከተማው ኳስ ሜዳ መድረክ ይተከላል፤ አንድ ቅዳሜ ጊንጪ፣ አንድ ቅዳሜ ጉደር፣ አንድ ቅዳሜ ጌዶ። ሌታና ጓደኞቹ አንዱም አያመልጣቸውም። የ2011 ጳጉሜ ሁለት ቅዳሜ የእጃጂ ተራ ነበር። ሌታ ከሩቅ የሚጮህ ቢጫ መርጦ፣ ጀርባው ላይ «አምቦ» አስጽፎ፣ ሦስት አሳተመ። «ሰው ቢበዛ እንዳንጠፋፋ ነው» አለ። ሰይጣን ጆሮውን ሳያቀና አልቀረም።

ሌታ የፊዚክስ መምህር ነው። ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማ ተማሪ የለም፤ ረገዳ የሚባለውን የዱላ ጭፈራ ሲጨፍር ግን ሌላ ሰው ይሆናል፣ ደሙ ቶሎ ይፈላል። ፊራኦል የአጎቱን ሚኒባስ ይነዳል። ሦስተኛው ሚልኪያስ ነው፤ የመሬት አስተዳደር ጸሐፊ፣ ከሌታ ጋር ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ፣ ዝንብ እንኳ እሽ ሲል የሚያፍር ልጅ። የዚያን ቀን ጠዋት እናቱ ወይዘሮ ፋንቱ ነጠላቸውን እያጣፉ ሚኒባሱ ድረስ መጡ።

«ሌታ፣ አደራህን። ይሄ ልጅ እንኳን ለጠብ ለግፊያም አይሆንም።»

«እማማ ደግሞ! እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል?» አለ ሌታ ደረቱን ነፍቶ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያለው።

እጃጂ ሲደርሱ ሜዳው ጭቃ ነው። ፊራኦል መስተዋት እንዳይሰብሩበት ፈርቶ ሚኒባሱ ውስጥ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ዘፋኙ ረገዳውን ሲያስነሳ ጎረምሳው ሁሉ ዱላውን ወደ ላይ እያነሣ መሬቱን ይደበድብ ጀመር። ጭቃው እስከ ፊት ይፈናጠራል። ሚልኪያስ ግፊያው ሲበረታበት «በቆሎ ልግዛ፣ መጣሁ» ብሎ ወደ ዳር ወጣ። ሌታ መሀል ገባ።

ከጎኑ ሞቲ የሚባል የእጃጂ ልጅ ይጨፍር ነበር። ሲዘል እግሩ አዳለጠውና የዱላው ጫፍ የሌታን ጆሮ ጫረው። ቀላል ነገር ነው፤ ረገዳ ላይ የማይጫር የለም። ሞቲም ወዲያው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው። ሌታ ይህን አይቷል። አላየሁም ቢል ዋሽቷል። አይቶ ነው ዱላውን ከልጁ እጅ መንጭቆ፣ በሁለት እጁ አንሥቶ፣ አናቱ ላይ ያሳረፈው።

ሞቲ ድምፅ ሳያሰማ በጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ በፊቱ ጭቃው ውስጥ ተደፋ። ከጆሮው ደም ወጣ። ዘፈኑ አልቆመም። አንዲት ልጅ ጮኸች፣ ቀጥሎ አሥሩ ጮኹ።

ሌታ ዱላውን ጣለና በሰው እግር መሀል አጎንብሶ ሮጠ። «ገደልኩት፣ ሰው ገደልኩ፣ ሥራዬ፣ እስር ቤት፣ ወይኔ እናቴ!» ይህ ሁሉ በአንዴ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ። ከበስተኋላው «ኬሎ! ኬሎ ሱን ቀባ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ቢጫውን ያዙት ማለት ነው። ሌታ ወገቡ ላይ ያሰረውን ጥቁር ጃኬት ፈትቶ ለበሰና ዚፑን እስከ አገጩ ሳበው። ቢጫው ጠፋ። ሌታ ከሜዳው ሰው አንዱ ሆነ።

ቀና ሲል ሚልኪያስን አየው። ሦስት የተጠበሰ በቆሎ ይዞ፣ ያንን የሚጮህ ቢጫ ለብሶ፣ በሰው መሀል እየተሽሎከሎከ ወደ እሱ ይመጣል። በመሀላቸው ቢበዛ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። «ሩጥ!» ማለት ይበቃ ነበር። «አውልቀው!» ማለት ይበቃ ነበር። ሌታ አፉን ከፈተ፤ ጎኑ ያለው ጎረምሳ ዞር ብሎ ሲያየው ግን መልሶ ዘጋው።

የሞቲ ታላቅ ወንድም ቱፋ ከስድስት ልጆች ጋር ደረሰ። የመጀመሪያው ቡጢ የሚልኪያስን አፍ አገኘው፣ በቆሎው ተበተነ። «ምን አደረግሁ?» አለ ሚልኪያስ። በኦሮምኛም ጠየቃቸው፣ በአማርኛም ጠየቃቸው። በጫማ መለሱለት። ሆዱን፣ ጎድኑን፣ ኩላሊቱን። ለመነሣት በእጁ ሲደገፍ ጣቶቹን ረገጡት። ቱፋ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይመታል። በመጨረሻ ዱላውን አዙሮ እንደ ጦር ያዘና ወደ ፊቱ ሰበቀው። ሚልኪያስ የጮኸው ጩኸት ዘፋኙን ራሱን ዝም አሰኘው።

ሌታስ? ሌታ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ሰው ከለላ አድርጎ፣ እንደ ጅብራ ተገትሮ ነበር። ልቡ ከዳው።

ያስጣለችው በቆሎ ሻጯ ናት። ስሟን ማንም አልጠየቃት። ምድጃዋን በሁለት እጇ አንሥታ የሚነደውን ከሰል እግራቸው ላይ ደፋችውና ልጆቹ እየዘለሉ ሲበተኑ ሚልኪያስ ላይ ተኛችበት። «በእኔ ላይ እለፉ! እናንተ ውሾች፣ በእኔ ላይ!» ትላለች። ያን ጊዜ፣ አደጋው ሁሉ ሲያልፍ፣ ሌታ ደረሰ። ጓደኛውን አዝሎ ሚኒባሱ ድረስ ሮጠ። ደሙ በጃኬቱ ላይ እየወረደ አንገቱ ሥር ገባ። አምቦ ሆስፒታል እስኪደርሱ ሚልኪያስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ግራ ዓይኑ ጠፋ። ወይዘሮ ፋንቱ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሌታን ትከሻ ሳሙት። «ልጄን ከሞት አወጣህልኝ። ማርያም ውለታህን ትክፈልልኝ» አሉት። ሌታ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን አልተናገረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብርቱካን እየያዘ ጠያቂ ሆኖ ተመላለሰ፤ እንዴት ያለ ፊት ነው እግዜር የሰጠው!

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ የእጃጂ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው የወይዘሮ ፋንቱ በር ላይ ቆሙ። ሳር ይዞ የመጣ አይመለስምና አስገቧቸው። ቱፋ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሞቲም ነበር፤ ከሞት ተርፏል፣ ግን አንድ ጆሮው አይሰማም፣ የዚያን ቀን ነገር ከናካቴው አያስታውስም። መሪያቸው ኦቦ ገቢሳ ናቸው። ሥርዓቱን ተናገሩ፤ ሁሉም ያደረገውን ከመነሻው በገዛ አፉ ይናገራል፣ የተደበቀ ነገር ካለ እርቁ አይጸናም።

ቱፋ ተነሣ። «የመታሁት ወንድሜን የመታውን ነው። ቢጫ ለብሶ ነበር። ዓይኑን በማጥፋቴ አዝናለሁ፣ ስለ መታሁት ግን አላዝንም።»

ኦቦ ገቢሳ ወደ ሚልኪያስ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ይህን ልጅ መትተኸዋል?»

ሚልኪያስ በፋሻ የታሰረ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ዝም አለ። እናቱ «አልመታም በላቸው እንጂ!» አሉ።

ሌታ አሁንም ዝም ማለት ይችላል። ግን ጓደኛው ዓይኑን ተነጥቆ ወንጀሉንም ተሸክሞ ሊቀር ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሞቲን የመታሁት እኔ ነኝ። ቲሸርቱን በጃኬት ሸፍኜ ሚልኪያስ ሲደበደብ ቆሜ አየሁ።»

ቱፋ መጀመሪያ የገባው አልመሰለም። ከዚያ ሚልኪያስን አየ፣ የገዛ እጁን አየ፣ እንደ ቆሰለ በሬ አገሳ። የተቀመጠበትን ዱካ አንሥቶ ሌታ ላይ ወረደበት። በመጀመሪያው ግንባሩን ፈነከተው፣ በሁለተኛው የትከሻው አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰማ። «በአንተ ምክንያት! በአንተ ምክንያት ንጹሕ ሰው አሳወርኩ!» ሌታ እጁን እንኳ አላነሣም። ሽማግሌዎቹ ቢጎትቱት ቱፋ ማንንም አልሰማ አለ፤ ዱካውን ለሦስተኛ ጊዜ አነሣ።

ሚልኪያስ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣና መሀላቸው ገባ። «ዲሲ፣ ቱፋ። ተወው።»

ቱፋ ዱካውን ጥሎ ሚልኪያስ እግር ላይ ወደቀ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወይዘሮ ፋንቱ ከኦቦ ገቢሳ እጅ የእርቁን ሳር ተቀበሉና ቱፋን ክንዱን ይዘው አነሡት። ወደ ሌታ ዞር አላሉም።

ሌታ ደሙን በእጁ እየጠረገ በጉልበቱ ወደ ጓደኛው ሄደ። «ሚልኪ፣ ማረኝ እንኳ አልልም። አንተ ያን ጊዜ ምንም አላየህም፣ ዛሬ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው...»

«አይቼሃለሁ» አለ ሚልኪያስ። «ያኔ ሁለቱም ዓይኖቼ ነበሩ። ዚፑን እስከ አገጭህ ስትስበው አይቼሃለሁ። ይጠራኛል ብዬ ነው ወደ አንተ የመጣሁት።»

ይህን ብሎ ከእናቱ ጎን ሄዶ ተቀመጠ።