ኩራ ያየው ዘይት

መካኒኩ አምሀ ጋራዡ ግቢ ውስጥ የጭነት መኪናውን ቱርቦ የዘይት ቱቦ ለሦስተኛ ጊዜ ፈታው። ትናንትም ፈትቶ አስሮት ነበር፤ ዛሬ ጠዋትም ፈትቶ መልሶ አስሮታል። ወደ ፀሐይ አዙሮ በአንድ ዓይኑ ውስጡን አየ፣ እፍ አለበት፣ በጣቱ ዙሪያውን ዳበሰው። ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ቱቦ ነው፤ ስንጥቅ ቀርቶ ጭረት የለበትም።

"ጋሼ፣ አሁንም?" አለ ዒምራን፣ የመኪናው መርገጫ ላይ እንደተቀመጠ። የመኪናው ባለቤት ሲንቄ የቀጠረችው ሾፌር እሱ ነው። አባቱ ነገሌ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ ልጁ ግን ከሱቅ ይልቅ መንገድ ይወዳል። "ሲንቄ አሁን ትደርሳለች። የምትመጣው ሞተሩ ሲነሳ ለማየት ነው፣ ቱቦ ሲፈታ ለማየት አይደለም።"

"ትጠብቃለች።"

"እንደ ሙሽራ እኮ ነው የሚንከባከቡት።"

አምሀ አልሳቀም። ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ሌላ ጊዜ አንድ ሞተር አድሶ ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ይህ ሦስት ወር ፈጀበት። የሞተሩን አካል ሐዋሳ ልኮ አስቀረፀ፤ ሲመለስ ራሱ በድጋሚ ለካው። ፒስቶኖቹን አንድ በአንድ መዝኖ ክብደታቸውን አስተካከለ። ከቱርቦው የሚወጣው አየር ሳይቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ ማቀዝቀዣ ጨመረለት፤ ራዲያተሩንም በትልቅ ለወጠው። አራት ሲሊንደር ብቻ ይዞ የስድስቱን ጭነት የሚጎትት፣ ያም ሆኖ የማይነድ ሞተር መሥራት ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲንቄ ሥራውን ስትሰጠው ያለችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ጉልበቱ እንደ ድሮው ይሁን፤ መንገድ ላይ ግን አይቁም።

ይህን ማለቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። መኪናው የባሏ የኩራ ነበር።

ኩራ ከወደራ ድንችና ሽንኩርት ጭኖ በነገሌና በፊልቱ በኩል ዶሎ ኦዶ ድረስ ይነዳ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት "የወደራ ዳገት ላይ እየተንፏቀቅኩ አረጀሁ፣ ጉልበት ጨምርልኝ" ብሎ መጣ። አምሀም ብዙ ናፍጣ እንዲረጭ ፖምፓውን ከፈተለት፤ ሞተሩ ውስጥ አየር አምቆ የሚያስገባ፣ ከትልቅ መኪና የወለቀ ቱርቦ ገጠመለት። ቱርቦውን የሚያጠጣው የዘይት ቱቦ ግን ስንጥቅ ነበረበት። አዲሱ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ተጭኗል። አምሀ ስንጥቁን አስበየደውና ገጠመው፤ ለኩራ አልነገረውም። ኩራ ከግቢው ሳይወጣ የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ ከተተና አየው። "ሙሉ ነው" አለና ሄደ።

ፊልቱን አልፎ በረሃው መሀል ብየዳው ለቀቀ። ዘይቱ ፈሰሰ፤ ሞተሩ ያለ ዘይት ግሎ ነከሰ፤ አልንቀሳቀስ ብሎ ቀረ። ኩራ የሚያልፍ መኪና ሲያጣ ውሃ ፍለጋ በእግሩ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ግመል ጠባቂዎች ሬሳውን አገኙት።

መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ጋቢናውን ገልብጦ ያየው አምሀ ነበር። ሰው ከቦ "ምን ሆኖ ነው?" ሲለው "ዘይት ጨርሶ ነው" አለ። ውሸት አልነበረም፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። የተሰበረውን ቱቦ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣለው። የቀረውን ከተማው ራሱ ጨረሰው፦ ኩራ ዘይት ሳያይ ነድቶ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ጭነት ተራ ላይ፣ ሾፌሮቹ ጭነት እየጠበቁ በሚውሉበት ሜዳ፣ ሞተር ያቃጠለ ሁሉ "ኩራ ሠራ" ይባላል። በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ረዳቶች ሳይቀሩ ይሉታል። አምሀ ሙት የሚያቃዠው በሕልም ብቻ ይመስለው ነበር። እሱን የሚያቃዠው በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት፣ በደንበኛ አፍ ነው፦ "ጋሼ፣ ዘይቱን እይልኝ፤ ኩራ እንዳልሆን።" በየቀኑ ይሰማዋል፤ በየቀኑም "እሺ" ብሎ ያጎነብሳል። ይህን ሞተር የማይሞት አድርጎ ከሠራው ሙቱ የሚለቀው መስሎት ነበር።

ቱቦውን አጥብቆ አስሮ እንደጨረሰ፣ አራት ሰዓት ላይ ሲንቄ ደረሰች።

"አካም፣ ጋሼ? ናጋ?" ብላ ሰላም አለችው።

"ናጋ ነው። ግቢ፣ ደርሰናል።"

ዒምራን ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። አምሀ እጁን ቴስታታው ላይ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ፤ ንዝረቱ እኩል ነው፣ የሚያንኳኳ ነገር የለም። በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ከዚያ ዒምራን ነዳጅ ሲሰጠው ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ። ያው ፉጨት ነበር፣ ኩራ በዚያች ጠዋት ከግቢው ይዞት የወጣው። አምሀ የመኪናውን በር ተደገፈ።

ዒምራን ደስ ብሎት አንገቱን በመስኮት አወጣ። "አይዞሽ ሲንቄ፣ እኔ እንደ ኩራ..." አለና ደነገጠ። "ይቅርታ። አፌ ለምዶ ነው።"

"ተወው፣ ሁሉም ይለዋል" አለች። "ትልቋን ልጄን ትምህርት ቤት በዚህ ይሰድቧታል፤ እየተደባደበች ትመጣለች። ምን እላታለሁ? እኔ ራሴ እናደድበታለሁ፣ ጋሼ። ወርዶ ዘይት ማየት ምን ያቅተው ነበር? ሞቶም እናደድበታለሁ።"

አምሀ ከሁሉም ይህን መስማት አልቻለም።

"ዒምራን፣ ሞተሩን አጥፋው።"

"ምነው? ምን ሰሙ?"

"አጥፋው አልኩህ።"

ዒምራን አጠፋው። አምሀ ቀና ብሎ አላያትም።

"ኩራ ዘይቱን አይቷል፣ ሲንቄ። እዚሁ ቆሞ፣ እኔ ፊት ነው ያየው፤ ሙሉ ነበር። የተሰበረው ቱቦው ነው። ስንጥቅ እንዳለበት እያወቅኩ አስበይጄ ገጠምኩለት፤ አልነገርኩትም።"

"መቼ አወቁ አንቱ?"

"መኪናው ተጎትቶ የመጣ ዕለት።"

"ያ ዋቃ" ብላ በቀስታ አምላኳን ጠራች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። "ሦስት ዓመት ልጆቼ ፊት ስወቅሰው ኖርኩ።"

"የዚህን ሞተር ዋጋ አልቀበልሽም" አለ አምሀ። ገና ሳይጨርሰው አፈረ።

"ይቀበላሉ። ሞተሩ ጥሩ ነው፣ እከፍላለሁ።" ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ለእኔ መንገርዎ ግን ለኩራ ምን ይሠራለታል? እኔ ብናገር ለባሏ ብላ ነው ይሉኛል። ስሙን የሚያነሱት ጭነት ተራ ላይ ነው፤ እዚያ ይንገሩልኝ።"

ጭነት ተራ ማለት እንጀራው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በእጁ የተማመኑት እነዚያ ሾፌሮች ናቸው፤ ይህን ሰምቶ ሞተሩን ለእሱ የሚሰጥ ማን አለ? ነገ ልሂድ ሊል አሰበ። የነገው ነገም እንደ ሦስቱ ዓመት ያልፋል። ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

ሲንቄ ጋቢና ገብታ መሀል ላይ ተቀመጠች። የዳሩን ወንበር ትታለታለች፤ በሩንም አልዘጋችም። ዒምራን ማንንም ሳያይ ሞተሩን አስነሳ። አምሀ እጁን በናፍጣ ታጠበ፣ በጨርቅ አደራረቀና ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

መኪናው ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ አፍ ላይ ቆመ። በስተቀኝ የፊልቱ መንገድ ነው፤ ሞተር የሚሞክሩት ሁሌም በዚያ ነው። በስተግራ ከተማው ነው።

"በየት ልሂድ?" አለ ዒምራን።

ሲንቄ ወደ አምሀ ዞረች።

"በግራ" አለ አምሀ። "ጭነት ተራ አድርሰኝ።"