ሦስተኛዋ ፈራሚ

ክሊፎርድ ግሪምሾው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአክሪንግተን ከተማ ሰው ያለፈቃዱ አእምሮ ሆስፒታል ሲገባ የመጨረሻውን ፊርማ የሚፈርም ሶሻል ወርከር ነበር። ሁለት ሐኪሞች «ይግባ» ብለው ቢፈርሙም እሱ «አይገባም» ካለ አይገባም። ይህችን ሥልጣኑን እንደ ዐይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት። ሐኪሞቹ መኪናቸውን አስነስተው እብስ ሲሉ እሱ ከአምቡላንስ ሾፌር ጋር ሲነታረክ፣ የበሽተኛውን ድመት የሚያሳድር ጎረቤት ሲለምን፣ የተሰበረ ቁልፍ ሲያስጠግን ይመሽበታል። ሲያማርር አገር ይሰማዋል እንጂ ሥራውን ግን ለማንም አይሰጥም ነበር።

ከዚያ ሕጉ ተቀየረ። ብርዱ ሲገባ፣ ነርስም ብትሆን ሥልጠናውን ከወሰደች ያንን ፊርማ መፈረም ትችላለች ተባለ። ክሊፎርድ ቆሽቱ አረረ። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ነርስ ዕድሜ ልኳን ሐኪም ያላትን ስታደርግ የኖረች ናት» አለ። «‹ተቀመጪ› ሲላት ትቀመጣለች፣ ‹ፈርሚ› ሲላት ትፈርማለች። እንግዲህ ሁለት ሐኪም መፈረሙ ቀርቶ ሦስት ሐኪም ሊፈርም ነው፤ ሦስተኛዋ ደመወዟ ያነሰ ሐኪም ናት!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ነርስ ሻዚያ ማህሙድ ብቻ አልሳቀችም። አለቃው ደግሞ ተንኮለኛ ሰው ነበርና፣ «እንዲህ የምታውቅ ከሆነ አንተው አስተምራቸው» አለው። ክሊፎርድም አስተማረ፤ እንዲያውም ተስፋ አስቆርጦ ሊመልሳቸው ስለፈለገ ከልክ በላይ አድርጎ አስተማረ። «የሐኪም እጅ አይደላችሁም! ሰውየው ታሟል ወይ ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ሳይቆለፍበት የሚታከምበት መንገድ የለም ወይ ብላችሁ ጠይቁ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ትተውት ሄዱ። ሻዚያ ብቻ ሥልጠናውን ጨረሰች።

የካቲት ላይ በረዶው መንገዱን ሞልቶት ሳለ በክሊፎርድ በራሱ ቤተሰብ ጉድ ፈላ። ታላቅ እኅቱ ዊኒፍሬድ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት አዛዥ ሆና ጡረታ የወጣችው፣ በመስከረም ባሏ አርተር ከሞተባት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቶባት ነበር። መጀመሪያ የቤቷን የውስጥ በሮች በሙሉ በመፍቻ ነቃቅላ ጓሮ በረዶው ላይ ከመረቻቸው። ይህን ክሊፎርድ እንዳላየ ሊያልፈው ሞክሮ ነበር። ቀጥላ ግን ቁልፉን አደራ የሰጧት የጎረቤቷ የሚስተር ኦግደን ቤት ገብታ የመታጠቢያ ቤታቸውን በር ነቀለች። ሚስተር ኦግደን ደግሞ በዚያች ሰዓት ገንዳው ውስጥ ተዘፍዝፈው ነበር።

እንግዲህ ጉዳዩ ሕግ ጋ ደረሰ። ክሊፎርድ ወንድሟ ስለሆነ መፈረም አይችልም። ከሥራ ባልደረቦቹም ዊኒፍሬድ ቤት ያልበላ ስላልነበረ ሁሉም በየተራ «እኔ አይሆንልኝም፣ የማውቃት ሴት ናት» እያሉ ከጉዳዩ እጃቸውን አወጡ። የቀረችው አንዲት ሰው ናት፤ ሻዚያ።

ክሊፎርድ ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ ደም ሥሩ ተገታተረ። ቀስ ብሎ ሲያስበው ግን ልቡ ረጋ። ወራት ሙሉ ከሥራ ወደ እኅቱ፣ ከእኅቱ ወደ ሥራ ሲንከራተት ኖሯል። ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል፣ ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ ይብስበታል። ይወስዷት ዘንድ ፈልጓል፤ አውጥቶ ለማንም አልተናገረም እንጂ አጥብቆ ፈልጓል። ሻዚያ ደግሞ በአእምሮ ሐኪሙ በዶክተር ፔምበርተን ሥር ስንት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። «ፈርሚ» ይላታል፣ ትፈርማለች፣ አለቀ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲያወግዘው የከረመውን ነገር አሁን በልቡ እየተለማመነው መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ በሐፍረት ቀላ፤ ልመናውን ግን አላቋረጠም።

በቀጠሮው ቀን የዊኒፍሬድ ሳሎን ተሰበሰቡ። ዶክተር ፔምበርተን አለ፣ የቤተሰብ ሐኪሟ አለ፣ ሻዚያና ክሊፎርድ አሉ። በጓሮ በር ሥር የሚገባው ነፋስ የሚያስቆመው የውስጥ በር ስላጣ ሁሉም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው። ዊኒፍሬድ ብቻ እጅጌዋን ሰብስባ ሻይ ትቀዳለች።

«ወይዘሮ ዊኒፍሬድ፣ ሌሊት ይተኛሉ?» አለ ፔምበርተን።

«አንተስ ትተኛለህ? ከዐይንህ በታች ያለው ምንድን ነው እሱ? ብስኩት ውሰድ። የቤተሰብ ሐኪሜን ተወው፣ እሱ ሦስተኛውን ጀምሯል።»

ሐኪሞቹ ለምን እንደተሰበሰቡ ታውቅ እንደሆነ፣ ምን እንደምትበላ፣ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ ከጠያየቋት በኋላ ለብቻቸው ሊመካከሩ ወደ ኩሽና ገቡ። ምን ዋጋ አለው፣ በር የለም። ሹክሹክታቸው እስከ ፎቅ ይሰማል። ፔምበርተን «ግልጽ ነው፣ ከመጠን በላይ ተነቃቅታለች» ሲል ዊኒፍሬድ ከሳሎን፣ «ይሄኛው ጆሮዬ ትንሽ ደከም ስላለ ጮክ በሉልኝ!» አለች። ሁለቱም እዚያው ልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ፈረሙ።

ፔምበርተን ወረቀቱን ለሻዚያ አቀበላትና የእስክሪብቶውን ክዳን ራሱ ከፈተላት። «ያንቺ እዚህ ጋ ነው፣ ሻዚያ።» እጇ በቆየ ልማዱ ሄዶ እስክሪብቶውን ተቀበለው። እሷ ግን እስክሪብቶውን ለአፍታ አየችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ደግሞ ለብቻችን ላናግራቸው» አለች።

ሦስቱ ወንዶች ወጥተው ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ አጥፍተው ዳይሬክተር ቢሮ ደጃፍ የተጎለቱ ተማሪዎች መሰሉ። ላለመስማት ቢሞክሩም አልቻሉም።

«በሮቹን ለምን ነቀሉ?» አለች ሻዚያ።

ዊኒፍሬድ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ። «አርተር ሽንት ቤት ሲገባ ይቆልፋል። ይህን ሁሉ ዘመን ተጋብተን ኖረን፣ ከእኔም ያፍር ነበር የኔ ጌታ። ሲወድቅ ሰማሁት። በሩን ገፋሁ፣ ደበደብኩ፣ እምቢ አለኝ። ‹ዊን፣ ዊን› ይለኛል ከወዲያ። ‹አለሁ፣ አለሁ› እለዋለሁ ከወዲህ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው ሲሰብሩት መጥራቱን ትቶ ነበር።»

«ሚስተር ኦግደንስ?»

«ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ ሆኜ ብጠራቸው ብጠራቸው ዝም አሉኝ። ለካ ሬዲዮ ከፍተው ነው።»

ክሊፎርድ ደረጃው ላይ ክው ብሎ ቀረ። የቀብሩን ሥነ ሥርዓት ያስፈጸመ እሱ ነው፤ መኪናውን፣ አበባውን፣ የለቀስተኛውን ሳንድዊች ሳይቀር አንድም ሳይጎድል አሟልቷል። በሩን ግን አልጠየቃትም። የስንቱን እንግዳ ቤት ገብቶ ስንቱን የጠየቀ ሰው የገዛ እኅቱን አንዲት ጥያቄ አልጠየቃትም።

ሲጠሩ ገቡ። ሻዚያ ቆማ ጠበቀቻቸው። «አልፈርምም» አለች። «ታመዋል፣ አልካድኩም። መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ ይዋጡ ስላቸው እሺ ብለውኛል። እኛ የምንወስዳቸው ግን በሩ ሁሉ የሚቆለፍበት ቦታ ነው። ነርስ በየቀኑ እየመጣ እዚሁ ሊታከሙ ይችላሉ። የጎደለው አብሯቸው የሚያድር ሰው ብቻ ነው።»

«ሻዚያ፣ ሁለት ሐኪም እኮ ፈርመናል» አለ ፔምበርተን።

«አይቻለሁ ዶክተር። እሱ የእናንተ ሥራ ነው።» እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንሥታ መለሰችለት።

ይሄኔ ክሊፎርድ ሳያስበው ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ዶክተሩ ፈረሙ አይደል እንዴ! ዶክተሩ ከፈረሙ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የቤተሰብ ሐኪሙን ብስኩት አነቀው። ከክሊፎርድ ጋር ሲጨቃጨቅ ጸጉሩ የሸበተው ዶክተር ፔምበርተን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ደስታ እንደ ፀሐይ ይወጣ ጀመር።

«ክሊፎርድ» አለው በለሆሳስ፣ «እስቲ ድገመው።»

ክሊፎርድ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የሚገባበት ጓዳ ቢፈልግ ጓዳውም በር የለውም። ሻዚያ አልሳቀችበትም፤ አለመሳቋን ደግሞ መቋቋም አቃተው። «እኔ... አብሬያት አድራለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ዊኒፍሬድ።

ሻዚያ ደነገጠች። «እውነት ነው፣ ይቅርታ። ወንድምዎ አብረውዎት ቢያድሩ ይስማማሉ?»

«መጀመሪያ እኔ ልየው» አለችና ወንበሯን ክሊፎርድ ፊት አምጥታ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «እሺ ክሊፊ። ዛሬ ለምን እንደተሰበሰብን ታውቃለህ?»

«ዊኒ፣ ባክሽ...»

«ታውቃለህ ወይ?»

«አውቃለሁ።»

«እንቅልፍስ?»

«የለም።»

«የምትበላውስ ምንድን ነው?»

«ያው... ብስኩት።»

«ራስህን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?»

«ሚስተር ኦግደን ስለ በራቸው ስልክ በደወሉ ቁጥር።»

ፔምበርተን ሳቁን በእጁ አፈነ። ዊኒፍሬድ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ «እንዲወስዱኝ ፈልገህ ነበር?» አለችው።

ክሊፎርድ ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ውሸቱ ግን አልመጣለትም። «አዎ» አለ። «ደክሞኝ ነበር፣ ዊኒ። ፈርቼም ነበር። ስልኩ ሲጮህ ‹ሞታ ተገኘች› ሊሉኝ ነው እያልኩ አለቅሁ። ቢቆለፍብሽ እኔ እተኛለሁ ብዬ ነው። አፍሬያለሁ።» ዕንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም።

ዊኒፍሬድ ጢሙን በመዳፏ ጠረገችለት። ከዚያ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣችና ወደ ሻዚያ ዞረች።

«ታሟል» አለቻት። «ግን ሆስፒታል የሚያደርሰው አይደለም። እዚሁ እኔ ጋ ይቆይ።»