የእናቴ ጣውንት

እናቴ እግሯን የሰበረችው የባቡር ፎቶ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ነው። ፎቶውን ለልደቷ ያመጣላት ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰው ለእናቱ ሽቶ ያመጣል፣ ሻርፕ ያመጣል። የእኛው ጉድ ሎኮሞቲቭ ያመጣል፤ ያውም ባለፈው ዓመት ያመጣላትን ያንኑ ሎኮሞቲቭ፣ "ይሄኛው እኮ ከዝናብ በኋላ ነው፣ ቀለሟን እዪው!" እያለ።

ወንድሜ ፋርማሲስት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነጭ ጋውኑን ለብሶ የሰው ሳል ሲያዳምጥ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ካሜራውን አንግቶ ሐዲድ ለሐዲድ ነው። ባቡር በሄደበት ሁሉ ከኋላ ስለሚጎተት ሰፈሩ "ፉርጎ" የሚል ስም አውጥቶለታል። ይከፋዋል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ "የትኛው ዓይነት ፉርጎ?" ብሎ ይጠይቃል።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ትዕግሥቴ በሳምንቱ ውስጥ ተማሪዎቼ ላይ ስለሚያልቅ ለቅዳሜና እሁድ የሚተርፍ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ወንድሟ ላይ ጮኸች እንዳትሉኝ ነው።

የፉርጎ በሽታ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። አባታችን ባቡር ነጂ ነው። አሥራ ሰባት ቁጥር በምትባል አሮጌ ሎኮሞቲቭ ላይ ጸጉሩን አሽብቷል። እኛ ስናስል አይሰማም፤ እሷ ያሳለች ቀን ግን እንቅልፍ አይወስደውም። እናቴ "ጣውንቴ" ትላታለች። ጎህ ሲቀድ በር ላይ ቆማ ስትሸኘው "በል፣ ለጣውንቴ ሰላም በልልኝ" ትለዋለች። ማታ ሲመለስ ደግሞ እጁን አሽትታ "ሽታዋን ታጥበህ ና" ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሰደዋለች።

በዚህ መሀል ድርጅቱ ነጂውንም ሎኮሞቲቯንም በአንድ ቀን ጡረታ ሊያወጣ ወሰነ። የመጨረሻው ጉዞ እሁድ ሆነ። ዓርብ ማታ አባቴ ሳይገባ፣ እናቴ በጄሶ የታሰረ እግሯን ሶፋው ላይ ዘርግታ እኔንና ፉርጎን ፊቷ አስቀመጠችን።

"አባታችሁን እየነዳ አንሱልኝ" አለች።

"እየነዳ?"

"እየነዳ! ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ሲነዳ አይቼው አላውቅም። የነጂው ክፍል ሰው አይገባበትም ይላል። ሚስትህ ነኝ ስለው፣ ሚስትም ሰው ናት ይለኛል። ከእሁድ በኋላ እሷም ወደ ብረት ማቅለጫ፣ እሱም ወደ ሶፋ ነው። ሳላየው አለቀ ማለት ነው።"

ይህን ስትል ድምጿ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እናቴ በቀላሉ ድምጿ የሚንቀጠቀጥ ሴት አይደለችም። እግሯ የተሰበረ ቀን እንኳ የጮኸችው ፉርጎ ላይ ነው።

"ባቡሩ ቆሞ ብናነሳውስ?" አልኩ።

"አባትሽን አታውቂውም? ካሜራ ሲያይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ድርቅ ይላል። ከቆመ ባቡር ጋርማ ትኬት ቆራጩም ይነሳል።"

ፉርጎ ደረቱን ነፋ። "እማዬ፣ ይሄማ ለእኔ ምን አላት! አሥራ ሰባትን ስንትና ስንት ጊዜ አንስቻታለሁ።"

እናቴ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው፤ በፀሐይ፣ በጭጋግ፣ በአበባ መሀል። "አባትህ ታዲያ የታለ?" አለችው።

"ውስጥ ነዋ!"

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ በሚነዳው ባቡር ተሳፈርን። ለምን እንደተሳፈርን አልገባኝም፤ የተሳፈሩበትን ባቡር ፎቶ ማንሳት አይቻልም። "መጀመሪያ ድምጿን መቅዳት አለብኝ" አለ ፉርጎ፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ መቅረጫውን እንደ ሕፃን ታቅፎ። አጠገባችን ያሉ አንዲት እናት ሲያስነጥሱ ቀረጻዬን አበላሹ ብሎ ገላመጣቸው። ይቅርታ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልመን። እኔ በቀን ስንት ጊዜ ግንባሬ ከመስታወት ጋር እየተጋጨ የምኖር ሰው ነኝ፤ ፍሬን ላይ በቀላሉ የምረካ ሰው አይደለሁም። አባቴ ያንን ሁሉ ብረት ጣቢያ ላይ ሲያቆመው፣ እጄ ላይ ያለው ሻይ እንኳ ንቅንቅ አላለም። እንደዚህ የሚነዳ ሰው ልጅ መሆኔን ለሰው መንገር አማረኝ። አጠገቤ ያለው ግን ፉርጎ ብቻ ስለነበረ ተውኩት።

ኮረብታ ሥር ያለች ትንሽ ጣቢያ ላይ ወረድን። ባቡሩ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄዶ ወደ ማታ ሲመለስ፣ ከጣቢያዋ በላይ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ልንጠብቀው ነው። ቀኑን ሙሉ ጠበቅነው። ፉርጎ እየተንበረከከ ብርሃኑን ለካ፤ መንኮራኩሯን ይሸፍንብኛል ያለውን አረም አስነቀለኝ፤ አንድ ድንጋይ ሦስት ቦታ አስቀምጦ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የነበረበት መለሰው። እኔ አፍንጫዬ በፀሐይ ተላጠ።

አሥራ ሰባት ጥሩምባዋን እየነፋች ስትመጣ ካሜራው እንደ ስፌት መኪና ተንጣጣ። "አገኘኋት!" ብሎ ዘለለ። ከዚያ ወደ ቤት የሚመልሰን ባቡር ያው እሷው የምትጎትተው መሆኑ ትዝ አለን። የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክሜ ቁልቁል እግሬ አውጪኝ አልኩ። ትኬት ቆራጩ በሩን ይዞ በሳቅ እየፈረሰ ጠበቀን።

አባቴ ሎኮሞቲቯን ወደ ማደሪያዋ ሊያስገባ ስለቀረ እኛ ቀድመነው ቤት ደረስን። ፉርጎ ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና ፎቶውን ከፈተ። እውነት ለመናገር ያምራል። የምሽቱ ፀሐይ አርፎባት አሥራ ሰባት እንደ አዲስ ሙሽራ ታበራለች። መስኮቷ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ክርኑን አስደግፎ ሙሉ ጥርሱን ይስቃል።

"ጣውንቴ አምሮባታል" አለች እናቴ። "ይሄ ግን የአባትህ ረዳት ነው።"

ጠጋ ብለን አየን። እውነትም ረዳቱ ነው።

"አባዬ በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"በግራ ነዋ። ነጂ ሁሌም በግራ፣ ረዳት በቀኝ ነው" አለ ፉርጎ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለፉርጎ ስድብ ነው።

"አንተስ የቆምከው?"

"ፀሐዩ ያለበት ወገን። ጠዋት ወደ ሰሜን ስትሄድ ፀሐዩ በቀኟ ነው፤ ማታ ወደ ደቡብ ስትመለስም ያው በ..." አለና አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አፍንጫው እስኪነካቸው ቀርቦ አያቸው። በፀሐይ፣ ረዳቱ። በጭጋግ፣ የረዳቱ ክርን። በአበባው መሀል፣ ረዳቱ ሙዝ ሲበላ። ወንድሜ የአሥራ ሰባትን እያንዳንዷን ብሎን ያውቃል፤ ገዛ አባቱ ግን ሁሌ በጥላው ወገን እንደሚያልፍ ልብ ብሎ አያውቅም።

"እኔ ታዲያ" አለች እናቴ ቀስ ብላ፣ "እግሬን የሰበርኩት የሰው ባል ስሰቅል ነው?"

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ትራሱን አፌ ላይ ያዝኩ። ፉርጎ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "ነገ የባቡሩ ድልድይ ጋ በጥላው በኩል እቆማለሁ፤ እምልልሻለሁ እማዬ" አላት።

እናቴ ስልኳን አንስታ ረዳቱ ጋ ደወለች። "ልጄ፣ ደህና ዋልክ? ነገ ማታ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከመስኮቱ ዝቅ በልልኝ። ለምን አትበለኝ። ድልድዩን እስክታልፉ ብቻ። ተባረክ።"

"በጥላው በኩል ነው የምቆመው አልኩሽ እኮ!" አለ ፉርጎ።

"ሰምቻለሁ። የወለድኩህን ልጅ አውቀዋለሁ" አለችው።

እሁድ በእኔ መኪና ሄድን። ጣራዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ አላት፤ ከጎን የሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ደግሞ ለአስተማሪ የተሠራ ሁለተኛ ፍሬን አለ። እዚያ የተቀመጠው ፉርጎ ነው። የባቡር ምልክት ባየ ቁጥር በድንጋጤ ይረግጠዋል። መኪናው ቀጥ፣ የኋለኛው ሹፌር በጥሩምባ ስድብ። "እግርህን ወንበሩ ላይ ስቀል!" ብዬ ጮህኩበት። እንደ ሕፃን እግሩን አጣጥፎ ድልድዩ ድረስ ሄደ።

ቀኑ ደመና ነበር። ፉርጎ ደስ አለው፤ ደመና ከሆነ ጥላም የለም፣ ሁለቱም ወገን እኩል ነው። በግራው በኩል መኪናዋን አቁመን ካሜራውን ተከልን። "አየሽ፣ የአባዬ ፊት ልክ እዚህ ጋ ይመጣል" እያለ በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራ። አባታችን እንደምንጠብቀው አያውቅም፤ ካወቀ ይደርቃላ።

ሩቅ ጥሩምባ ተሰማ። በዚያችው ደቂቃ፣ ቀኑን ሙሉ የት እንደነበረ እንጃ፣ ፀሐይ ከደመናው ሥር ብቅ አለና ከማዶ ዓይናችን ውስጥ ገባ። ፉርጎ በካሜራው አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ፀሐዩ ከኋላዋ ነው፤ ጥቁር ትሆንብኛለች" አለ።

"ትሁን! ንቅንቅ እንዳትል!"

"የመጨረሻዋ ናት እኮ... ይሄን የመሰለ ብርሃን..."

"ፉርጎ! ለእማዬ ምለሃል!"

ካሜራውን ከማቆሚያው ነቅሎ ድልድዩ ሥር ገብቶ ሲሮጥ ጀርባውን ብቻ አየሁ። "አንቺ በስልክሽ አንሺው!" የሚለው ድምፁ ከድንጋዩ ሥር አስተጋባ። ደሜ ፈላ። እስከ ሞት ድረስ እንደማላናግረው ለራሴ ነግሬ ስልኬን ከኪሴ ላወጣ ስል አሥራ ሰባት ደረሰች።

አባቴንም አየሁት። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ አንድ እጁ መንጃው ላይ፣ ዓይኑ ሐዲዱ ላይ። እንዲህ ያለ ፊት ቤት ውስጥ አይቼበት አላውቅም፤ የወጣት ሰው ፊት ነው። ከዚያ "ለማጅ" የሚለውን ሰሌዳ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከወገቡ በላይ በመስኮት ወጥቶ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም ሁለት እጆቼን ሰቅዬ እንደ እብድ እየዘለልኩ "አባዬ! አባዬ!" አልኩ። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ነው ስልኩ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ያስታወስኩት።

ወንድሜ በድልድዩ ሥር ተመለሰ። ጉልበቱ ተልጦ፣ ሱሪው ጭቃ ሆኖ ነበር። "ዳገቱን ስወጣ ዘገየሁ። ከፊት ሳልደርስባት አጠገቤ ሆና አገኘኋት። አንድ ብቻ፣ በጎን" አለ። "አንቺስ?"

"ምንም" አልኩት። እስከ ሞት ድረስ የነበረው ኩርፊያዬ እዚያው አበቃ። ወደ ቤት ስንመለስ እግሩን እንዲያወርድ ፈቀድኩለት፤ አንድ ጊዜም ፍሬን አልረገጠም።

አባቴ በሠራተኞቹ ስጦታ፣ በአንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ታጅቦ ቤት ሲገባ እኛ እናቴ ፊት እንደ ጥፋተኛ ተቀምጠን ነበር። ፉርጎ ያቺን አንዷን ፎቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተ።

ሎኮሞቲቯ ሙሉዋን እንኳ አልገባችም፤ የነጂው ክፍል ብቻ ነው። ረዳቱ ቃሉን ጠብቆ ዝቅ ስላለ የቀኙ መስኮት ባዶ ነው፤ በባዶው መስኮት ውስጥ የግራው መስኮት ይታያል። እዚያ ላይ አባቴ አለ፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ። ከእጁ ማዶ፣ ከትንሽ መኪና አጠገብ፣ ሁለት እጇን የሰቀለች አንዲት እብድ ትዘላለች።

"ፊቱ የለም" አለ ፉርጎ። "ይቅር በይኝ እማዬ። ጀርባው ብቻ ነው።"

እናቴ ከሶፋው ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

"ይሄ ነው ባሌ" አለች። "ፊቱንማ ከነገ ጀምሮ እስኪሰለቸኝ አየዋለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጎህ ሲቀድ የሸኘሁት ይሄን ጀርባ ነው። ከበሩ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ነበር የማላውቀው። ለካ እዚህ ነው የሚደርሰው።"

አባቴ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ መዶሻ ላምጣ ብሎ ብድግ አለና ወደ በሩ ዞረ።

"ተመለስ፣ ቁጭ በል!" አለችው እናቴ። "ፎቶው ሲታጠብ መዶሻውን ልጅህ ያመጣል፤ ወንበሩም ላይ ራሱ ይወጣል። አንተ ጀርባህ ከእንግዲህ ግድግዳው ላይ ይበቃኛል፤ ወደዚህ ዙርልኝ።"