የሃምሳ ሁለተኛዋ ደቂቃ እንባ

በራሱ እንባ የሚያፍር ሰው እፍረቱን የሚያሸክመው ሌላ ትከሻ ይፈልጋል፤ ትከሻውን ባገኘ ጊዜም ከአልቃሽነት ወደ በደለኛነት ይሸጋገራል። ማልቀስ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የራስን እንባ በሌላ ሰው ስም መጻፍ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ግብረ ገብ ሳስተምር ይህን ለአንድም ተማሪ አልነገርሁም፤ እኔም አላውቀውም ነበርና። የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በአንድ የልጆች ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ በካርቱን ፊልም ፊት ተቀምጬ ነው።

ሲኒማ ቤቱ ለልጆች የሚታዩትን ፊልሞች አስቀድመው የሚመለከቱ ሦስት መርማሪዎች ነበሩት። አንደኛው ሰብሳቢው ነው፤ ዕድሜውን በማተሚያ ቤት ያሳለፈና ከወረቀት በቀር የሚያምነው ነገር የሌለው ሰው። ሁለተኛዋ በሆስፒታል የልጆች ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። ሲስተር በምርመራ ያለፉትን ፊልሞች ዐርብ ዐርብ ተውሳ ወደ ሆስፒታሉ ትወስድና ከአልጋ መውረድ ለማይችሉት ሕፃናት በግድግዳ ላይ ታሳይ ነበር። ይህ ፈቃድ የተሰጣት መርማሪ በመሆኗ ብቻ ነው።

አሠራራችን ጥብቅ ነበር። እያንዳንዳችን ትንሽ መብራት የተገጠመላት የመጻፊያ ሰሌዳ በጉልበታችን ላይ አስቀምጠን፣ ፊልሙ እየሄደ ተራ ቁጥር ያለው ቅጽ እንሞላለን። ቅጹ ሦስት ዐምድ አለው፦ ደቂቃ፣ የታየው ነገር፣ የመርማሪው ስሜት። የሣቀ «ሣቅሁ»፣ የፈራ «ፈራሁ» ብሎ በዚያችው ደቂቃ መጻፍ ግዴታው ነው። ከነጩ ቅጽ ሥር ጽሑፉን ወደ ታች የሚያሳልፍ የካርቦን ወረቀት፣ ከካርቦኑም ሥር ቢጫ ቅጂ አለ፤ ነጩ ተቀድዶ ለሰብሳቢው ይሰጣል፣ ቢጫው ከጥራዙ ጋር ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ በሦስተኛው ዐምድ ከአንዲት ቃል ሌላ ጽፌ አላውቅም። ቃሏም «ምንም» ነበረች። ስለዚህም ፊልሙን ከላይ ከመስኮቱ የሚያጫውተው ኦፕሬተር «አቶ ምንም» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙን ስሰማ ፊቴን አጨፈግግ እንጂ በልቤ እኮራበት ነበር።

የዚያን ቀን የቀረበው ፊልም ስለ አንድ ሽመላ ነበር። አባት ሽመላ በአንድ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ሦስት ጫጩቶች ያሳድጋል። ትንሹ በሆነ ባልሆነው የሚጮኽ ነው፤ ልጁ በጮኸ ቁጥር አባትየው ምንቃሩን በራሱ ምንቃር ቆንጥጦ ይዘጋዋል። የስደት ወራት ሲደርስ ተነሥተው ሲበሩ ጉም ይይዛቸዋል። ትንሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መንገዱ ጠፍቶበታል፣ ግን አይጮኽም፤ እንዳይጮኽ ተምሯልና። አባትየው ዞሮ ሲቆጥር አንድ ጎደለው። ያን ጊዜ ያ ኩሩ ሽመላ በነጭ ጉም ውስጥ እየዞረ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። መልስ የለም።

እኔ አንድ ልጅ አለኝ። ሰባት ዓመት ሲሆነው ካርቱን ሊያይ ወስጄው፣ የተሣለች ውርንጭላ ከእናቷ ስትለይ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጆሮውን ይዤ በመቀመጫዎቹ መካከል እየጎተትሁ አወጣሁት፤ በር ላይ ስንደርስም «ለቀለም ታለቅሳለህ?» አልሁት። ከዚያ ወዲህ በፊቴ አላለቀሰም፤ እናቱን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም። ዛሬ የልጅ አባት ነው። ሲያገኘኝ «እንደምን ዋሉ» ይለኛል፤ ለማያውቀው ሽማግሌ መንገድ እንደሚለቅ ሰው በትሕትና ዘወር ይላል።

ሽመላው ሲጮኽ እንባዬ መጣ። እንደምንም ልውጠው ሞከርሁ፤ እምቢ አለኝ። እጄ በልማድ ወደ ሦስተኛው ዐምድ ሄደች፤ ግን የጻፈችው «ምንም» አልነበረም። መሀረቤን አፌ ላይ አፍኜ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ተንሰቀሰቅሁ። ጫጩቱ ኋላ እንዴት እንደተገኘ አላየሁም፤ ስለ መገኘቱ ያወቅሁት አጠገቤ የተቀመጠችው ሲስተር ቀስ ብላ «ተመስገን» ስትል ነው።

የፊልሙ ሠሪዎች ስም በመጋረጃው ላይ መውረድ ሲጀምር ደነገጥሁ። ነጩን ቅጽ ቀድጄ ኪሴ ከተትሁና በአዲስ ቅጽ ላይ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ መጨረሻዋ «ምንም፣ ምንም፣ ምንም» እያልሁ ሞላሁ። መብራቱ ሲበራ ብዕሬን ከደንሁ።

ኦፕሬተሩ ራሱን በመስኮቱ ብቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ከመካከላችሁ ሲያቃስት የነበረው ማነው? እኔ እኮ ማሽኑ መስሎኝ ዘይት ልቀባው ስሯሯጥ ነበር!»

ሰብሳቢው ግን አልሣቀም። በደንባችን ውስጥ ራሱን መግዛት ያቃተው መርማሪ ለዚያ ፊልም ድምፁ አይቆጠርም የሚል አንቀጽ አለ፤ አንቀጹን ያስጻፍሁት ደግሞ እኔ ነበርሁ።

«የምር ነው የምጠይቀው» አለ ሰብሳቢው፤ «እኔም ከኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ማነው?»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። መሬት ስላልተከፈተች አፌን ከፈትሁ።

«ሲስተር ናት» አልሁ። «አጠገቤ ሆና ስትንሰቀሰቅ ሰምቻታለሁ።»

«እኔ?» አለች ዞር ብላ። ቀጥሎም ዐይኗ በጭብጤ ውስጥ ወዳለው መሀረብ ወረደ። ተጨምቆ እንደወጣ ልብስ እርጥብ ነበር። «እንግዲህ መምህር ሰማሁ ካሉ፣ ሰምተው ይሆናል» አለች።

ሰብሳቢው ቀድሞም ልቧ ስስ ነው እያለ ይጠራጠራት ነበር። እርሱ ድምፅ የሚሰጠው እኔና እርሷ ስንለያይ ነው፤ ፊልሙ ይለፍ ያለችው እርሷ ብቻ ናት፤ እኔ «ያለ በቂ ምክንያት የሚያስለቅስ» ብዬ አልተቀበልሁትም። የእርሷ ድምፅ ተሰረዘ፣ ፊልሙ ወደቀ፣ እርሷም ከመርማሪነት ታገደች። ይህ ሁሉ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ አለቀ።

በሦስተኛው ሳምንት የመርማሪነት መታወቂያዋን ልትመልስ መጥታ በኮሪደሩ ተገናኘን። ሰላምታ ልሰጣት ፈልጌ ኮፍያዬን ነካሁ።

«መምህር፣ ያን ቀን እስከ በሩ ድረስ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁዎት» አለች። «በሩ ላይ ደግሞ፣ ምናልባት ነገ ይሆናል አልሁ።»

«ደንብ ደንብ ነው፣ ሲስተር።»

«ይሁን። እኔ ስለ ራሴ አይደለም። ልጆቹ ዐርብ ሲደርስ ትራሳቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንዱማ፣ ያ አፈ ጮሌ፣ ‹ሲስተር፣ ግድግዳውም ታመመ እንዴ?› ይለኛል። ምን ልበለው?»

ሰዓቴን አይቼ እንደሚቸኩል ሰው ሄድሁ፤ የምሄድበት ግን አልነበረም። ማዕዘኑን ከታጠፍሁ በኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ያኔ እንኳ ተመልሼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ኮሪደሩ ሃያ እርምጃ አይሆንም። አልተመለስሁም።

ያጋለጠኝ የራሴ ቸልተኝነት ነው። የፊልሙ ባለቤት ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት አመለከተ፤ ሰብሳቢውም የሦስታችንን ጥራዝ ከመዝገብ ቤት አስወጣ። እኔ ያን ቀን ነጩን ቅጽ ቀድጄ ኪሴ ስከት ቢጫውን ረስቼዋለሁ። ዕድሜ ልኬን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁ ሰው ነኝ፤ የሰሌዳ ጽሑፍ በዳስተር ከተጠረገ ጠፋ ነው፣ ሥር የሚቀር ቅጂ የለውም።

ስብሰባው ላይ ሲስተርም ኦፕሬተሩም ተጠርተው ነበር። ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ፦

«ቅጽ ቁጥር ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት። ደቂቃ ሃምሳ ሁለት። ‹አለቀስሁ። ልጄን ጆሮውን ይዤ ያወጣሁበት ቀን ታወሰኝ።›»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው።

«ይህን የመሰለ የእጅ ጽሕፈት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለን። የእርስዎ ነው፣ መምህር?»

«የእኔ ነው» አልሁ።

ሊቀልድብኝ መብት የነበረው ኦፕሬተር እንኳ ዐይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሲስተርም አላየችኝም፤ ሰብሳቢውን «እንግዲህ የዚህ ዐርብ ፊልም ይሰጠኛል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ሁለት ውሰጂ» አላት። ከዚያም ብዕሩን አንሥቶ ውሳኔውን ጻፈ።

ቅዳሜ ጠዋት በውሳኔው መሠረት፣ ቢጫውን ቅጽ፣ የውሳኔውን ቅጂና በእጄ የጻፍሁትን የይቅርታ ደብዳቤ በትኬት መሸጫው መስኮት አጠገብ ራሴ ለጠፍሁ። የሽመላው ፊልም ተፈቅዶ ለልጆች የሚከፈተው የዚያን ቀን ነበር። ሙጫው እጄ ላይ ሳይደርቅ ልጄ ትንሿን የልጅ ልጄን ይዞ ደረጃውን ወጣ። ልጅቱ ማንበብ ከለመደች ገና ጥቂት ወሯ ስለሆነ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮኽ ብላ ታነባለች።

«አ…ለ…ቀስሁ» አለች በጣቷ እየተከተለች። «ልጄን… ጆሮውን… ይዤ… አባዬ፣ ማን ነው ያለቀሰው?»

ልጄ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበው። ሁለተኛም አነበበው። እጁ ሳያስበው ወደ ጆሮው ሄደና ተመለሰ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሙጫውን ቆርቆሮ ይዤ ቆሜያለሁ።

«አያትሽ ናቸው» አላት።

«እና አብረውን አይገቡም?»

«አይፈቀድላቸውም» አለና እጇን ይዞ ገባ።

ከመርማሪዎች ስም ዝርዝር ተሰርዣለሁ። ወደ ሲኒማ ቤቱ አዳራሽ እንዳልገባ ለዘወትር ተከልክያለሁ። ወረቀቱ ሠላሳ ቀን በመስኮቱ አጠገብ ተለጥፎ ቆይቷል፤ በየጠዋቱም ሄጄ ዝናብ ወይም ነፋስ የነቀለውን ጠርዝ መልሼ እንዳጣብቅ ታዝዤ፣ ሠላሳውንም ቀን አጣብቄያለሁ።