የቀደመው መልእክት ሰዓት

ኤሌክትሪሺያናችንን ሻማ እንለዋለን፤ ብቅ የሚለው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ብለን። ሃምሳውን ያለፈ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናደድ እንኳን ድምፁን ከፍ አያደርግም። በዚያ ረፋድ በያጁ አንገቱን ይዞ ከብረት ቁም ሳጥኑ ጋር ሲያላጋውም አልጮኸም።

በያጁ የእህቴ ባል ነው። ፋብሪካው ያስገባኝም እሱ ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት የታናሽ ወንድሙን ቀኝ እጅ ከመጭመቂያው ሥር አውጥተን ነበር። አወጣን ማለት እንኳን ልክ አይደለም። ክንዱን አወጣን፤ እጁ እዚያው ቀረ፤ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ቆርቆሮው ሳስቶ። ልጁ ራሱን አልሳተም። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ «ጓንቴን፣ ጓንቴን አውልቁልኝ» እያለ ይለምነን ነበር።

«ይህን የመጭመቂያውን ኬብል ማነው የዘረጋው?» አለ በያጁ።

«እኔ ነኝ» አለ ሻማ። «ኬብሉ ግን ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

«ደህና ነው? የልጁ እጅ እንደ ወረቀት ተደፍጥጦ ደህና ነው ትለኛለህ?»

በጉልበቱ ሆዱን መታው። ዙሪያውን የቆሙት ሠራተኞች «በለው! ይገባዋል!» አሉ። ፎርማኑ እጁን አጣምሮ ያያል። ሌሎቹን ሦስት መጭመቂያዎች አላስቆመም። «የተበላሸው የዚህኛው ኬብል ነው፤ እነዚያን ምን አገባቸው» ብሎ ነበር። ስለዚህ በድብደባው መሀል ወለሉ በየጥቂት ሰከንዱ ይናጣል።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው ከላይ ካለችው የመስታወት ክፍል ነው። ላፕቶፑ ፊቴ ተከፍቷል፤ የማሽኖቹን መዝገብ እያነበብኩ ነው።

መጭመቂያውና ቆርቆሮ የሚያቀብለው የብረት ክንድ በኔትወርክ መልእክት እየተላላኩ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። ክንዱ ቆርቆሮ በሚያስገባበት ግማሽ ሰከንድ ጠባቂው ጨረር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያለዚያ ክንዱን ሰው መስሎት ማሽኑን ያቆመዋል። ከዚያ ውጭ እጅ ከገባ አይቶ ያስቆማል። ሁለቱ ሰዓቶች ከተለያዩ ግን ጨረሩ የሚጨፍነው ባልሆነ ጊዜ ነው።

ድሮ ድራይቨሩ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ የሚመዘግበው መልእክቱን ለኔትወርክ ካርዱ ያስረከበበትን ሰዓት ነበር። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት መልእክቱን ስለሚያቆየው ያ ሰዓት ግምት ነው። አዲሱ ካርድ ግን መልእክቱ ከእሱ ወጥቶ ኬብሉ ውስጥ የገባባትን ቅጽበት ራሱ ይመዘግባል። ድራይቨሩ ያችን ቅጽበት እንዲያነብ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ትናንት በአራቱም የመጭመቂያ መስመሮች ላይ ጫንኩት።

ካርዱ ሰዓት የሚያስቀምጥባት ቦታ አንዲት ብቻ ናት። ሰዓቱ ከዘገየ ድራይቨሩ መጠበቁን ትቶ ወደሚቀጥለው መልእክት እንዲያልፍ አዝዤ ነበር። ቦታዋን ባዶ እንዲያደርግ ግን አላዘዝኩትም። የዘገየው ሰዓት በኋላ ይመጣና እዚያ ይቀመጣል። አዲሱ መልእክት ገና ሳይወጣ ድራይቨሩ ያንን ያገኝና የእሱ ነው ብሎ ይወስደዋል። የአዲሱ ሰዓት ደግሞ ለሚከተለው ይቀራል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ መልእክት የቀደመውን ሰዓት ይዞ ይሄዳል። ስሞክረው መልእክቶቹን አንድ በአንድ፣ እያረፍኩ ነበር የላክሁት። አንድም አልዘገየም።

መዝገቡ ላይ ከሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ጀምሮ ሁሉም አንድ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ልጁ የተጣመመ ቆርቆሮ ሊያቃና እጁን የሰደደው በአራት ሰዓት ነው።

ከእኔ በቀር ይህን የሚያነብ ሰው ፋብሪካው ውስጥ የለም። ዝም ብል ሻማ ላይ ይቀራል። ላፕቶፑን ዘግቼ ልነሳ ስል የሦስተኛውን መስመር መዝገብ አየሁ። ከሁለት ደቂቃ በፊት አንድ መልእክት ዘግይቷል። እዚያ የምትሠራው ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቆርቆሮዋን ታስተካክላለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በያጁ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይዟል። የሻማ ቀኝ ክንድ ክርኑ ላይ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

«ጋሼ! ተወው! ኬብሉ አይደለም!»

«አንተ ወደ ኮምፒውተርህ ሂድ።»

«እኔ ነኝ። ትናንት የጫንኩት ነገር ነው። ሦስተኛውም ጀምሮታል፤ ሁሉንም አጥፏቸው!»

«ይሄ ደግሞ በዚህ ዕድሜው ሽማግሌ ሆነ» አለ አንዱ። ሳቁ።

በያጁ አልሳቀም። ቧንቧውን ዝቅ አደረገ። «ለዚህ ሰውዬ ብለህ ነው የምትዋሸኝ?»

«አልዋሸሁም፣ ጋሼ።»

እህቴን ሲያገባ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ያውቃል። ጆሮዬን አየ።

ከዚያ በቧንቧው አፌን መታኝ። ጥርስ ሲሰበር ጆሮ ውስጥ ነው የሚሰማው። ወደቅሁ። «ሦስተኛው» ልል ሞከርኩ፤ ከአፌ የወጣው ደምና ስባሪ ነው። ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ቧንቧውን ጥሎ በእጁ ጀመረ።

«ወንድሜን!» ይላል፤ ይመታል። «በእኔ እጅ አስገብቼህ! ወንድሜን!»

«አጥፉት» አልኩ። «እሷን… እሷን አስነሷት።» ማንም አልሰማም፤ ወይም እንዲምረኝ የምለምን መስሏቸዋል። ወለሉ ሲናጥ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። አንድ። ቆይቶ ሌላ። እቆጥር ነበር፤ በየመሀሉ ጩኸት እጠብቃለሁ።

የሰማኝ ሻማ ነው። በአንድ ዓይኔ አየሁት። የተሰበረውን ክንዱን በሆዱ አቅፎ በጉልበቱ ይድሃል፤ መንገድ የሚለቅለት የለም፤ በሰዎቹ እግር መሀል ያልፋል። ግድግዳው ጋ ደርሶ ተነሳ። በግራ እጁ ዋናውን ማጥፊያ ጨብጦ ወደ ታች ጎተተው።

ሦስቱም ማሽኖች ቆሙ። መብራቱም አብሮ ጠፋ፤ ከጣሪያው መስኮት የሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረ። ሴትየዋ በቁጣ ዞረች። «ማነው ያጠፋብኝ? እጄ ማሽኑ ውስጥ እያለ!» ብላ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። አሥሩም ጣቶቿ ነበሩ።

በዝምታው ውስጥ የበያጁ ትንፋሽ ይሰማል። ቡጢው ፊቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ሴትየዋ እጆች አየ፤ ለረጅም ጊዜ አያቸው። የጨረሰ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰና እንደገና መታኝ።