የቡራዩው ቴምፕሌት

እና አሁን ይሄ ባዶ መሬት ነው፣ አለቃዬ እስራኤል በሽያጭ ማስታወቂያው እንደጻፈው፣ ከሰው ነፃ የሆነ ሰፊ ቦታ በቡራዩ፣ ከሥሩ ፎቶ፣ ፎቶው ደግሞ ከእኔ መስኮት የሚታየው የኦቦ ደቻሳ ማሳ፣ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ፣ የግቢያቸው ባሕር ዛፍ ሳይቀር አለ፣ እሳቸውን ብቻ ቆርጠው አውጥተዋቸዋል። ጎበዞች።

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ አለቃዬ ቦሌ ቢሮው ተቀምጦ ይጮሃል፣ ራቢአ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ኔት ሳይጠፋ ፐብሊሽ በይው እንጂ፣ እሺ እላለሁ፣ የማስታወቂያውን ቴምፕሌት ከሰርቨር አውርጄ ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ከፍቼዋለሁ፣ ፑሽ ካልኩት ረቂቁ ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል፣ ፐብሊሽ ካልኩት ለተመዘገበው ደንበኛ ሁሉ በየስሙ ይደርሳል፣ ውድ አቶ እንትና፣ ውድ ወይዘሮ እንትና፣ መሬትዎ ይጠብቅዎታል። መሬትዎ! የማን አባት መሬት?

መንገዱ ተዘግቷል፣ የሚቃጠል ጎማ ይሸታል፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ሊቃወሙ የወጡትን ልጆች ጠዋት በፒክአፕ ጭነው ሲወስዷቸው አይቻለሁ፣ ኦቦ ደቻሳ ግን ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ጤፋቸው፣ ሲያልፉ በመስኮቱ፣ አከም ጅርታ ኢንተላ ኮ፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ልጄ ነው እኮ የሚሉኝ፣ ዛሬም ሥራ አለ እንዴ፣ አለ ኦቦ፣ ምን እየጻፍሽ ነው፣ ምን ልበላቸው፣ እርስዎን እየሸጥኩ ነው ልበል?

አልልም። እስራኤልን እምቢ ብለው ለሌላ ይሰጠዋል፣ ሌላው ይልከዋል፣ አለቀ። ጽሑፉን አትንኪ ብሏል፣ አልነካም፣ አንዲት ፊደል አልነካም፣ ለበለጠ መረጃ ይደውሉ ከሚለው ሥር ያለውን የሽያጭ ክፍል ቁጥር ግን አጠፋዋለሁ፣ የራሴን እጽፋለሁ፣ ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፣ እናቴ ያን ሁሉ ተምረሽ ትላለች፣ ትበል፣ ፑሽ፣ ሄደ፣ ፐብሊሽ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይለኛል ማሽኑ፣ ወላሂ እንደ ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፣ ኢንተር።

ላክሽው? ላክሁት እስራኤል፣ ጎሽ፣ ዘጋ።

ስልኬ ይጮሃል፣ የማላውቀው ቁጥር፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ሄሎ፣ አቤት ጌታዬ፣ አዎ የቡራዩው ቦታ፣ የለም ነፃ አይደለም፣ ባለቤቱ ጤፋቸውን እያጨዱበት ነው፣ ይኸው ይታዩኛል፣ ልጥራልዎት?